ትንሽ ወንዝና የኖራ ድንጋይ ገደል ለማየት ከአዲስ አበባ ወዴት ይወጣል? ደርባ፣ ደብረ ሊባኖስ፣ ጀማና አባይ ሲመዘኑ

ከመስቀል በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ሜዳው አደይ አበባ ለብሶ ሰማዩ ሲጠራ፣ እኛ ሱሉልታ የምንኖር ሰዎች ስልካችን ፋታ አያገኝም። የከተማ ዘመዶቻችን ለአንድ ቀን የሚወጡበት፣ ነጣ ያለ ድንጋይ በገደሉ ላይ ተነባብሮ የሚታይበት፣ ከሥሩም ትንሽ ወንዝ የሚወርድበት ቦታ የቱ እንደሆነ ይጠይቁናል። የሚሰጣቸው መልስ ብዙውን ጊዜ «ደርባ ሂዱ» ወይም «ደብረ ሊባኖስ ሂዱ» የሚል ነው። ሄደው ፏፏቴውን አይተው፣ ፎቶ ተነስተው ይመለሳሉ፤ ካሰቡት የኖራ ድንጋይ ግን አንዲት ጠጠር እንኳ ሳይነኩ የሚመለሱት ጥቂት አይደሉም። እኔም ከዓመታት በፊት እንዲሁ ሆኜ ተመልሻለሁ። ስለዚህ አራቱን የታወቁ አማራጮች በአንድ ዓይነት መስፈርት መመዘን ያስፈልጋል።

የኖራ ድንጋዩ ለምን ከታች ሆነ

ከመመዘኑ በፊት አንድ ነገር ቢታወቅ ብዙ ነዳጅና ብዙ ልፋት ይተርፋል። ከ150 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የዛሬው ሸዋና ጎጃም በባሕር የተሸፈነ ምድር ነበር፤ የባሕሩ እንስሳት ዛጎልና ደቃቅ ጭቃ በወለሉ ላይ እየተደራረበ ጠንክሮ የኖራ ድንጋይ ሆነ። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ደግሞ ከምድር ውስጥ የወጣ ቅልጥ ድንጋይ ያንን ሁሉ በጥቁር ባዛልት ከደነው። በደጋው ላይ የምንረግጠው፣ አጥር የምናጥርበትና የቤት መሠረት የምናወጣበት ጥቁር ድንጋይ እንግዲህ ክዳኑ ነው፤ የኖራ ድንጋዩን ለማየት ክዳኑን ቆርጦ ወደ ታች የደረሰ ወንዝ መፈለግ ግድ ይላል።

እንዲህ ያሉት ወንዞች የሚገኙት ከእንጦጦ በስተ ሰሜን ነው። ከጋራው ወደ ደቡብ የሚወርደው ውሃ በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል፤ ወደ ሰሜን የሚወርደው ደግሞ በሙገርና በጀማ በኩል ወደ አባይ ይሄዳል። አባይ በጥልቀት ስለቆረጠ ገባሮቹም እርሱን ተከትለው ቆርጠዋል፤ የላይኛው አዋሽ ግን እስካሁን በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው መልካ ቁንጥሬ እ.ኤ.አ. በ2024 ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ታላቅ የጥንት ሰው መካነ ቅርስ ነው፤ ወንዝም ገደልም አለው፤ ነገር ግን የኖራ ድንጋይ ፈልጎ ወደዚያ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ባዛልትና የባልጪትን ጥቁር የመስታወት ድንጋይ ነው። በዚህ ምክንያት ከንጽጽሩ አውጥቼዋለሁ።

የንብርብሮቹ ተራ ከላይ ወደ ታች ሲቆጠር መጀመሪያ ባዛልት፣ ቀጥሎ አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ ቀላ ያለ የጭቃ ድንጋይ፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ፣ ከእርሱም ሥር ጀሶ ያለበት ንብርብር ነው። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ለእነዚህ የሰጧቸው ስሞች ለመንገደኛ እንደ ካርታ ያገለግላሉ፤ የላይኛውን አሸዋ ድንጋይ በደብረ ሊባኖስ፣ የጭቃ ድንጋዩን በሙገር፣ የኖራ ድንጋዩን በትግራይ ባለው በአንታሎ፣ የጀሶውን ንብርብር በጎሐ ጽዮን ስም ይጠሩታል። ከስሞቹ እንደሚታየው ደብረ ሊባኖስ ከላይ ነው፣ ጎሐ ጽዮን ደግሞ ከታች፤ የምንፈልገው በመካከል ነው።

አንድ ጠጠር የኖራ ድንጋይ ይሁን አይሁን ለመለየት ሎሚ ይበቃል። ድንጋዩን በቢላ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አድርጎ ዱቄቱ ላይ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ሲያደርጉበት የኖራ ድንጋይ ከሆነ በደቃቁ አረፋ ያወጣል፤ ባዛልት ከሆነ ዝም ይላል። ልጆች ከፏፏቴው ይልቅ ይህን ሲያስታውሱ አይቻለሁና ሁለት ሎሚ ቢያዝ አይከፋም።

በምን እንመዝን

የመጀመሪያው መስፈርት የኖራ ድንጋዩ ከሩቅ የሚታይ ነው ወይስ የሚነካ የሚለው ነው። ሁለተኛው ወደ ወንዙ ለመድረስ ምን ያህል መውረድ፣ ይልቁንም ምን ያህል መውጣት እንደሚያስፈልግ ነው፤ ቁልቁለቱን ሁሉም ሰው ይወርደዋል፣ ሽማግሌንና ሕፃንን የሚፈትነው በስምንት ሰዓት ፀሐይ የሚወጣው ዳገት ነው። ሦስተኛው ርቀትና መንገድ፣ አራተኛው ወቅት፣ አምስተኛው ወጪ ነው።

ወጪን በብር መጻፍ ሳምንት ሳይሞላው ስለሚያረጅ በሊትር ማስላት ይሻላል። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ገደማ የሚበላ ትንሽ መኪና ለደርባ ደርሶ መልስ ከ11 እስከ 12 ሊትር፣ ለደብረ ሊባኖስ ከ16 እስከ 17፣ ለጀማ ወደ 24፣ ለአባይ ደግሞ ከ30 ሊትር በላይ ይፈልጋል፤ ዳገቱ በዚህ ላይ ይጨምራል። የመግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ፣ የመኪና ጠባቂ፣ ምሳና ውሃ ለየብቻ ይታሰባሉ።

ከሁሉም በላይ የሚቀመጠው ግን የጸጥታ ጉዳይ ነው። በቅርብ ዓመታት ከሱሉልታ ወዲያ ያሉ መንገዶች አንድ ሳምንት ሰላም፣ ሌላ ሳምንት ዝግ ሲሆኑ ታይቷል። በመነሻው ዋዜማ በዚያው መስመር የሚሠሩ ሹፌሮችን መጠየቅ አስተማማኝ ነው፤ ሹፌሩ «ይቅርብህ» ካለ ሌሎቹ መስፈርቶች ሁሉ ዋጋ የላቸውም።

ደርባ

ከአራቱ ቅርቡ ደርባ ነው። በጎጃም መንገድ ሱሉልታን አልፎ ጫንጮ ሲደረስ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ጠቅላላው ርቀት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደጋው በድንገት ተቆርጦ የሙገር ሸለቆ ይከፈታል፤ ውሃው ከጥቁሩ ባዛልት ጠርዝ ላይ ተወርውሮ ሲወድቅ ማዶ ቆሞ ማየት ይቻላል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ በገደሉ አፍ ላይ ይውላሉ።

በመጀመሪያው መስፈርት ግን ደርባ ደካማ ነው። ፏፏቴው የሚወድቅበት ግድግዳ ባዛልት ነው፤ የኖራ ድንጋዩ ከዚያ እጅግ ዝቅ ብሎ በሸለቆው ውስጥ ነው። በአካባቢው ሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው በዚሁ ድንጋይ ምክንያት ነው፤ ሲሚንቶ የሚሠራው በዋናነት ከኖራ ድንጋይ ነውና። ፋብሪካው ለጎብኚው የሚያመጣው ነገር ከባድ መኪናና አቧራ ነው፤ በተለይ ከኅዳር በኋላ መንገዱ ሲደርቅ የመኪናውን መስኮት ዘግቶ መሄድ ያስፈልጋል። ወደ ሸለቆው የሚወርደው የእግር መንገድ ቀጥ ያለ ስለሆነ የአካባቢውን ልጅ ሳይዙ መሞከር ተገቢ አይደለም።

ወቅቱ እዚህ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ ወሳኝ ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ውሃው ሙሉ ነው፣ ጉሙም ይገፈፋል፤ በየካቲት የሚሄድ ሰው የሚያየው እርጥብ ግድግዳ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ውሃው እጅግ ይበዛል፤ ሸለቆው ግን ግማሹን ቀን በጉም ተሞልቶ ስለሚውል ድምፁን ብቻ ሰምቶ መመለስ አለ።

የአካባቢው ገበሬ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ፣ «ገላቶማ» ብሎ አመስግኖ የሚያልፍ እንግዳ፣ መኪናውን ከማሳ ዳር ለማቆምም ሆነ መንገድ ለመጠየቅ ችግር አይገጥመውም።

ደብረ ሊባኖስና የጉር ወንዝ

ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለአራት ሰዓት ጉብኝትና ለምሳ ጊዜ ተርፎ ከመሸ በፊት ይገባል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተው ገዳም ራሱ ለብዙዎች የጉዞው ምክንያት ነው። ከገዳሙ መገንጠያ አጠገብ፣ የጉር ወንዝ ወደ ገደሉ ከመወርወሩ በፊት፣ በልማድ «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚባለው የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በራስ ዳርጌ እንደተሠራ ነው የሚነገረው። ከዋናው መንገድ ወደ ድልድዩ የሚወስደው የእግር መንገድ አጭርና ቀላል ስለሆነ፣ ጉልበታቸው የደከመ እናትና አባት ቀስ ብለው ሊደርሱበት ይችላሉ። እኔ እናቴን የወሰድኩት ወደዚህ ነው፤ ደርባ ብወስዳት ኖሮ ከመኪና ሳትወርድ እንደምትመለስ አውቅ ነበር።

ይህ ቦታ ትንሽ ወንዝ ለሚፈልግ ሰው ከአራቱ የተሻለው ነው። ጉር በጥቅምት እግር የሚያርስ፣ ድልድዩን አልፎ ገደል የሚገባ፣ በመጨረሻም ወደ ጀማ የሚደርስ ትንሽ ውሃ ነው። የኖራ ድንጋዩን ግን እዚህም ከሩቅ ነው የምናየው። ከገደሉ አፍ ሆኖ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው ከጥቁሩ ባዛልት ሥር ቀላ ያለውን አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ በሸለቆው ውስጥ እንደ ደረጃ የተነባበረውን ግራጫና ቢጫማ ድንጋይ ይለያል። ይህን ለማየት አቅራቢ መነጽር ቢያዝ መልካም ነው፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ጋደል ስትል ንብርብሮቹ ከቀትሩ ይልቅ ጎልተው ይለያሉ።

ወደ ገዳሙ የሚገባ ሰው ነጠላ ይያዝ፣ ጫማውንም ያውልቅ፤ ሴቶች ረጅም ቀሚስ ይልበሱ። ታኅሣሥ 24፣ ግንቦት 12 እና ነሐሴ 24 የጻድቁ በዓላት ናቸው፤ በእነዚህ ቀናት ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ ለወንዝ ሽርሽር ቀኑ አይደለም፤ ለመሳለም የሚሄድ ግን የሚሄደው በዚያው ቀን ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር የገዳሙን መነኮሳትና ምእመናን የፈጀው በዚሁ በዓል ሰሞን ነበርና፣ ቦታው የመዝናኛ ሥፍራ ብቻ አለመሆኑን ለልጆች ቀድሞ መንገር ይገባል። ረቡዕና ዓርብ የሚሄድ ደግሞ ምሳው የጾም መሆኑን ይወቅ።

ጀማ

እዚህ የኖራ ድንጋይ ይነካል። በጎጃም መንገድ 78 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሙከ ጡሪ ሲደረስ ወደ ቀኝ ታጥፎ፣ በለሚ በኩል ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ጀማን በድልድይ ይሻገራል። ከለሚ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ሲጠማዘዝ ባዛልቱ፣ አሸዋ ድንጋዩና ጭቃ ድንጋዩ በየተራ በመኪናው መስኮት ያልፋሉ፤ ከዚያም ነጣ ያሉት ጠርዞች በመንገዱ ግራና ቀኝ ይጀምራሉ። በሌሎቹ ሁለት ቦታዎች ለአንድ ሙሉ ቀን የእግር ጉዞ የሚያስከፍለውን ቁልቁለት እዚህ መኪናው ይወርደዋል። ትልቁ ልዩነት ይህ ነው፤ የቀረውን መስፈርት ሁሉ ከጀማ ጋር ስመዝን የምታገሠው ለዚህ ብዬ ነው።

ጀማ በክረምት ትልቅ ወንዝ ነው፤ ደፍርሶ፣ ግንድ ተሸክሞ ይወርዳል። ከኅዳር በኋላ ግን በሰፊ የጠጠር ሜዳ ላይ ወደ ቀጫጭን ጅረቶች ይበተናል። በዚያ ጠጠር ውስጥ ከደጋው የመጣው ጥቁር ባዛልትና ከአቅራቢያው የወደቀው ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ተደባልቀው፣ ሁለቱም በውሃ ተሸርሽረው እንደ እንቁላል ለስልሰው ይገኛሉ። ሎሚው የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ዕድል ካለ፣ በኖራ ድንጋዩ ውስጥ የጥንቱን ባሕር ዛጎል ቅርጽ ማየት ይቻላል፤ ያዩትን አይቶ መተው እንጂ በመዶሻ ቆርሶ መውሰድ አይገባም፤ ቅሪተ አካል የአገር ቅርስ ነውና። ወፍ የሚወዱ ሰዎች ደግሞ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኘውን የሃርውድ ቆቅ ፍለጋ ከሩቅ አገር ወደዚህ ሸለቆ ይመጣሉ።

ጉድለቱ ሙቀቱ ነው። የአገሬው ሰው «ጀማ በረሃ» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጠዋት ሱሉልታ ላይ ጋቢ የለበሰ ሰው በስድስት ሰዓት ሸለቆው ውስጥ ሸሚዙን መተው ያምረዋል። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ መያዝ አለበት፤ ከወንዙ መጠጣት አይቻልም፤ በቀስታ በሚሄደው ውሃ ውስጥ ረጅም ጊዜ መዘፍዘፍም የቢልሃርዚያ ሥጋት አለው። ቦታው ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ ወባ ይኖራል፤ ስለዚህ የሚያድር ሰው አጎበር ይያዝ። በሰኔና በመስከረም መካከል፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ወንዙ ጠጠር መውረድ አደገኛ ነው፤ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

የለሚ አካባቢም ትልቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ አለበት፤ የጭነት መኪናው ብዛት እንደ ደርባ ሊታሰብ ይገባል። በጠዋቱ በ12 ሰዓት ካልተነሱ በስተቀር ጀማን በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ጥድፊያ ይሆናል።

አባይ በረሃ

አባይ ትንሽ ወንዝ አይደለም፤ ከዝርዝሩ መውጣት የነበረበትም በዚህ ነበር። ያላወጣሁት፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሻገረው መንገድ ከባዛልቱ እስከ ታችኛው አሸዋ ድንጋይ ያለውን ንብርብር በሙሉ የሚቆርጥ ስለሆነና የኖራ ድንጋዩ ብቻ ወደ 400 ሜትር ውፍረት ይዞ በመንገዱ ዳር ስለሚታይ ነው። ጎሐ ጽዮን ከአዲስ አበባ ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወረዳል። የሸለቆው አፈር የሚንሸራተት ስለሆነ አስፋልቱ በየጊዜው ይሰነጠቃል፤ ፍሬን እንዳይግል በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ያስፈልጋል፣ በጭነት መኪና መካከል እየተሽሎከሎኩ መቅደምም አይገባም። በጃፓን ድጋፍ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ጥበቃ ስላለው ካሜራ ከማውጣት በፊት ጠባቂዎቹን ይጠይቁ። ወንዙ አዞ አለበትና ልጅ ይዞ ወደ ዳሩ መውረድ አይታሰብም።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ርቀት (አንድ ጉዞ) | የኖራ ድንጋዩ | ወደ ውሃው መውረድ | ተስማሚ ወራት | ዋና ጉድለት |
|---|---|---|---|---|---|
| ደርባ | 70 ኪ.ሜ ገደማ | ከሩቅ፣ ከፏፏቴው እጅግ በታች | አስቸጋሪ | ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ | በበጋ ውሃ ይጠፋል፣ አቧራ |
| ደብረ ሊባኖስና ጉር | 100 ኪ.ሜ ገደማ | ከሩቅ፣ በሸለቆው ታች | ቀላል (እስከ ድልድዩ) | ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ | በበዓላት ይጨናነቃል |
| ጀማ | 150 ኪ.ሜ ገደማ | በእጅ የሚነካ | በመኪና | ከኅዳር እስከ ጥር | ሙቀት፣ ረጅም ቀን |
| አባይ በረሃ | ከ200 ኪ.ሜ በላይ | በመንገድ ዳር፣ እጅግ ወፍራም | ወደ ዳሩ አይመከርም | ከጥቅምት እስከ ጥር | ርቀት፣ አደገኛ ቁልቁለት |

የትኛው ለማን

መኪና የሌለው፣ በጀቱም ጠባብ የሆነ ሰው ደብረ ሊባኖስን ይምረጥ፤ ዋናው የጎጃም መንገድ ስለሆነ ወደ ፍቼ የሚሄድ ተሽከርካሪ መገንጠያው ላይ ያወርደዋል፤ ሲመለስም ከአሥር ሰዓት በፊት መንገድ ላይ መቆም አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡት መኪናዎች ሞልተው ነው የሚያልፉት። ደርባ በአንጻሩ ቅርብ ቢሆንም ከጫንጮ በኋላ ሌላ ትራንስፖርት መለወጥ ስለሚያስፈልግ ለሕዝብ ማመላለሻ ተጠቃሚ እንደ ርቀቱ ርካሽ አይደለም።

ሽማግሌና ሕፃን ለያዘ ቤተሰብም ደብረ ሊባኖስ ይሻላል። ግማሽ ቀን ብቻ ያለው፣ ጥቅምት ላይም የሚወጣ ሰው ደርባን ቢመርጥ አይጸጸትም፤ የኖራ ድንጋይ አያለሁ ብሎ ብቻ አይሂድ። ተማሪዎቹን የሥነ ምድር ትምህርት ሊያሳይ የሚያስብ መምህር ወይም ድንጋዩን ራሱን የሚፈልግ ሰው ጀማን ይምረጥ፤ ለአምስት ሰዎች አንድ መኪና ተካፍለው ቢከራዩ 24 ሊትሩ ለእያንዳንዱ አምስት ሊትር አይሞላም። አባይ ለብቻው የሚሄዱበት ሳይሆን፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሲታለፍ ሰዓት ጨምሮ ቆም እያሉ የሚያዩት ነው።

ወንዝ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ዋሻ ሠርቶ ሲያልፍ ማየት የሚፈልግ ሰው ግን ከአዲስ አበባ ዳርቻ አያገኘውም። ያ ያለው በባሌ፣ የወይብ ወንዝ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ በከፈተበት በሶፍ ዑመር ነው፤ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ቢያንስ አራት ቀን ይፈልጋል፤ ቦታውም ሼኽ ሶፍ ዑመር የሚዘከሩበት የሙስሊሞች ቅዱስ ሥፍራ ነውና እንደ ደብረ ሊባኖስ ሁሉ በአክብሮት ይገባበታል።